የቅበላው ተርኪ

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና ከመጀመሪያው ልናገረው፤ ቀናሁ። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ይሄን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ በልጄ ሚስት አባት ቀናሁ። ሰው በቤት ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ተርኪ ነው።

ሰውዬው አበጀ ይባላል። እዚህ ፈረንጅ አገር ሶዶ በሚሉት ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይጠግናል። እጁ የማይገባበት ነገር የለም፤ ቧንቧ ይሠራል፣ ፍሬን ይቀይራል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቅጠል ይጠርጋል። ልጄ ሚኪ የእሱን ልጅ ሳሮንን ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ "ጋሼ እንዲህ አለ፣ ጋሼ እንዲህ አደረገ" ከአፉ ወርዶ አያውቅም። እኔ ዳድ ነኝ፤ እሱ ጋሼ ነው። አንድ ቀን መኪናው ጎማዋ ፈንድቶ ሀይዌይ ላይ ቆማበት ማንን ኮል አደረገ? አበጀን! እኔ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ሹፌር ነኝ፤ በዚያ ሰዓት አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ እየነዳሁ ነበር። በኋላ ስጠይቀው "ዳድ፣ አንተን ዲስተርብ ላለማድረግ ነው" አለኝ። በሆዴ "ትኩሳትህን ተሸክሜ ሳድር ዲስተርብ ያልተደረግሁት ሰውዬ ዛሬ በጎማ ዲስተርብ ልደረግ?" አልኩ። በአፌ ግን "ኦኬ፣ ደግ አደረግህ" ነው ያልኩት።

ወደ ተርኪው፣ ወደዚያ ግዙፍ የፈረንጅ ዶሮ፣ ልምጣ። ታንክስጊቪንግ፣ ፈረንጆቹ ተርኪ የሚበሉበት የኅዳር በዓል፣ አብዛኛውን ጊዜ የገና ጾም ውስጥ ይወድቅብናል። ስለዚህ እኛ ተርኪያችንን የምንበላው ቀደም ብለን በቅበላው ነው። አበጀ በየዓመቱ ቅበላ ሲደርስ ግቢው ውስጥ ትልቅ ድስት ሙሉ ዘይት ያግላል፣ ተርኪውን እንዳለ ይነክረዋል፣ አርባ ደቂቃ ቆይቶ ወርቅ የመሰለ ነገር ያወጣል። ልጄም በየዓመቱ እዚያ ነው። ከዚያ ፎቶ ይመጣል። ሣህሊቱ፣ ሚስቴ፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደግና "እይማ እንዴት እንዳማረ!" ትለኛለች። እሷ የምታየው ተርኪውን ነው። እኔ የማየው የሰውዬውን ክንድ ነው፤ የልጄ ትከሻ ላይ የተጋደመውን።

ዘንድሮ ግን በቃኝ። ቅበላው እሑድ ስለዋለ "በእኛ ቤት ነው፣ ተርኪውንም እኔ እጠብሳለሁ" ብዬ አወጅኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻትሏን አቁሜ መንገደኛ በጠበቅሁ ቁጥር ቪዲዮ አየሁ። ተማርኩ በሉኝ! ተርኪው በረዶ ሆኖ ስለሚሸጥ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ወስዶ እስከ አጥንቱ መቅለጥ አለበት። ድስቱ ከቤትና ከእንጨት ርቆ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል። ዘይቱ አይሞላም። ተርኪው ሲገባ እሳቱ ይጠፋል፣ ከገባ በኋላ ይለኮሳል። ዝናብ ካለ አይሞከርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ የሚባል ነገር ዝር ማለት የለበትም። እርጥብ ተርኪ የነከሩ ሰዎች ቪዲዮ አለ፤ ዘይቱ ገንፍሎ እንደ ምንጭ ሲፈነዳ፣ ሰውዬው እጁን ይዞ ሲጮህ። እሱን ዐሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ለሚኪ ስነግረው ሳቀ። "ኖ፣ ኖ፣ ዳድ፣ ሴፍ አይደለም። ጋሼ መጥቶ ይሥራው፣ አንተ ሪላክስ አድርግ።" በገዛ ቤቴ! አንጀቴ አረረ፤ ግን እሺ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ሰውዬው ተርኪውን ይዞ እኛ ሰፈር፣ ዴ ሞይን ድረስ መጣ። ሣህሊቱ ሥራ ላይ ነበረች። ፍሪጃችን ውስጥ ሽቦ ላይ ገልጦ አስቀመጠውና በዚያ ትሕትናው፣ እሱም ያናድደኛል፣ እንዲህ አለኝ፦

"ጋሽ መንግሥቴ፣ አደራ፤ ለወይዘሮ ሣህሊቱ ይንገሩልኝ። አይታጠብም። እንዲሁ ተገልጦ እስከ እሑድ ይድረቅ። ውሃ ከነካው አደጋ ነው።"

"እነግራታለሁ፤ ምን ገዶኝ!" አልኩት።

ረሳሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልረሳሁም። ሐሙስ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ሊወጣ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ዓርብም ዋጥኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሣህሊቱ ፍሪጁን ከፈተች። የእኛ ሴት ሳታጥብ ዶሮ እሳት ላይ ስትጥድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሣህሊቱ ዶሮን በሎሚና በጨው፣ በሰባት ውሃ ካላጠበች እጇን አታነሳም።

"ውይ በሞትኩት! ሳያጥበው እኮ ነው ያስቀመጠው!" አለች። "ወንድ አይደል፣ ምን ያድርግ።"

እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔ የኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ። ተርኪውን እንደ ሕፃን አቅፋ አጠበችው። ሆዱ ውስጥ የሎሚ ውሃ ሞልታ ወዝወዝ አደረገችው፣ ጠረኑን እንዲያጠፋ ትንሽ ውሃና የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ እዚያው ትታ፣ ላዩን በፎጣ አባብሳ ሽቦው ላይ መለሰችው። ሲያዩት ማንም የነካው አይመስልም። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይገንፍልበት፣ ይደንግጥ፣ ቆዳው ይላላበት፣ ልጄም ይሄ ሰውዬ መልአክ እንዳልሆነ አንድ ቀን ይይ አልኩ። ያቃጥለዋል ብዬ አላሰብኩም ልላችሁ አማረኝ። ግን ቪዲዮውን ዐሥር ጊዜ አይቼዋለሁ ብያችኋለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አበጀ፣ ሚኪና ሳሮን መጡ። ሰማዩ ከብዶ ነበር እንጂ አልዘነበም። አበጀ ከጓሮ ሲሚንቶው ላይ ድስቱን ጣደ፣ የጋዙን ጎማ ፈተሸ፣ የእሳት ማጥፊያውን አጠገቡ አቆመ፣ ሚኪን "ነጠላ ጫማህን ቀይር" ብሎ ወደ ቤት መለሰው። ልጄም እሺ ብሎ ቀየረ። እኔ ስናገር አንድ ቀን እሺ ብሎኝ ያውቃል? ሳሮን ፎቶ ልታነሳ መስኮቱ ጋ ቆመች። አውሮፕላኖች አንዱ ባንዱ ላይ እያጓሩ በራሳችን ላይ ወደ ኤርፖርቱ ይወርዳሉ።

ዘይቱ ሲግል አበጀ ቴርሞሜትሩን እያየ "ጋሽ መንግሥቴ፣ ከዚህ መራቅ አልችልም፤ ተርኪውን ዘንጉ ላይ ሰክተው ያመጡልኛል?" አለኝ።

ገባሁ። ዘንጉ ከታች ሳህን አለው፤ ተርኪው አንገቱን ወደ ታች አድርጎ ይሰካበታል። ስሰካው ሆዱ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ተሰማኝ። ሳህኑ አንገቱን ስለደፈነው አልፈሰሰም። ሎሚውንም አየሁት። እግዜር ሌላ ዕድል ሰጠኝ እናንተዬ! ይዤው ወጣሁ።

"አልታጠበም አይደል?" አለ አበጀ፣ ላዩን በፔፐር ታወል፣ በወረቀት ፎጣ፣ እየጠረገ።

"እንዳስቀመጡት ነው" አልኩ።

አመነኝ። ምን ያድርግ፣ የልጁ ባል አባት ነኝ። ጋዙን አጠፋ። ከዚያ ለዘይቱ ያጠለቀውን እስከ ክርን የሚደርስ ጓንቱን አወለቀና ወደ ልጄ ዞረ።

"ሚኪ፣ ዘንድሮ ያንተ ተራ ነው። ና፣ ያዝ።"

ሚኪ ፊቱ በራ። ጓንቱን አጠለቀ፣ ዘንጉን በመንጠቆ አንስቶ ድስቱ ላይ ቆመ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመድኩ። ተርኪው ዝቅ አለ። ገና ሳይነካ ከሳህኑ ጠርዝ አንዲት ጠብታ አምልጣ ዘይቱ ላይ አረፈች። ቸስ አለችና ተፈናጠረች።

"ተው! ሚኪ ተው! ውሃ አለው! ሆዱ ውሃ ነው!"

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ልጄን በክንዱ ጎትቼ ወደ ኋላ ስወስደው ተርኪው ከመንጠቆው ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከሆዱ ውሃው ዘረገፍ አለ። ግማሹ ሎሚ ተንከባሎ አበጀ ጫማ ሥር ቆመ።

ሣህሊቱ ጩኸቱን ሰምታ በሽርጧ እጇን እየጠረገች ወጣች። "ምነው? ምን ሆናችሁ?"

"ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ አጥበውታል እንዴ?" አለ አበጀ።

"ታዲያስ! ሳይታጠብ ይበላል እንዴ?" ካለች በኋላ ፊታችንን ተራ በተራ አየች። "አይታጠብም ነበር? ኧረ ማንም አልነገረኝ!"

አበጀ ሎሚውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። የተናገረው ሚኪ ነው።

"ዳድ፣ ውሃ እንዳለው በምን አወቅህ?"

"ስታጥበው አይቻለሁ።"

"አይተሃል? አይተህ ነው እኔ እንድይዘው ዝም ያልከኝ?"

"አንተ ትይዘዋለህ ብዬ መች አሰብኩ!" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሁሉም ሰሙት። ሳሮን መስኮቱ ጋ ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች። ሣህሊቱ "መንግሥቴ!" አለች። ሚኪ ጓንቱን እንዳጠለቀ አበጀን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ። ልጄ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ቀንቼ ነው" አልኩ። "አቶ አበጀ፣ ቀንቼብዎት ነው። ልጄን የወሰዱብኝ መሰለኝ። እንዲዋረዱ ፈልጌ ነው። እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ አላውቅም ብል ውሸት ነው።"

ድስቱንም ሳሮንንም ይዞ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሄድ እውነቱን ነው። ልጄም ተከትሎት ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቅበላ አይደለም ቀብሬም ላይ መምጣቱን እንጃ።

አበጀ ጎንበስ ብሎ ተርኪውን ከሣሩ አነሳ። ያዘለውን ሣር አራግፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የፔፐር ታወሉን ጥቅል ሰጠኝ።

"ያድርቁት" አለ።

አደረቅሁት። ላዩን፣ ክንፉን፣ ብብቱን፣ ሆዱን። ጨረስኩ ስለው "እንደገና" አለኝ። ሣህሊቱ ሌላ ጥቅል አመጣች። እሱንም ጨረስኩት። በመጨረሻ አበጀ እጁን እስከ ክርኑ ሆዱ ውስጥ ከትቶ ፈተሸ፣ ብርሃን ላይ ይዞ አየው፣ ራሱ ዘንጉ ላይ ሰካው። ዘይቱን እንደገና አጋለ፤ ቴርሞሜትሩ ሦስት መቶ ሃምሳ ፋራናይት ሲያሳይ ጋዙን አጠፋ። ከዚያ ወደ ሚኪ ሄዶ ጓንቱን ከእጁ አወለቀና አምጥቶ ለኔ ዘረጋልኝ።

"ይያዙት።"

"እኔ?"

"እርስዎ። ሚኪ፣ አንተ ወደ ኋላ ሂድ።"

ጓንቱ ውስጡ በልጄ እጅ ሞቋል። መንጠቆውን አነሳሁ። አበጀ ድስቱን ዞሮ መጣና ከፊት ለፊቴ ቆመ። እጅጌውን እስከ ክርኑ እንደሰበሰበ፣ ባዶ እጁን፣ ዘይቱ ቢገነፍል መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ ላይ። ከመጣ ጀምሮ ሁላችንንም ከዚያ ቦታ ሲያርቀን ነበር።

"አቶ አበጀ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ እንጂ" አልኩት።

"እዚሁ ይሻለኛል" አለ።

አሁንም አልዋሻችሁም፤ ያኔም ቀናሁበት። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ወይ ብዬ ከቅድሙ የባሰ ቀናሁ። ልጄ ከኋላዬ ነው። ማንን እያየ እንደሆነ አላውቅም፣ ዞሬም አላየሁ። ዓይኔን ከአበጀ ባዶ እጆች ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ዘንጉን ዝቅ አደረግሁት። የተርኪው ጫፍ ዘይቱን ነካና መጮህ ጀመረ።

"ቀስ" አለኝ።

ቀስ አልኩ።