የጓሮው ጄኔሬተር

አባትን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ባለፈው መብራት በጠፋ ጊዜ እናት የወደቁት ሆዳቸው ባዶ ስለነበር ነው። እህል ባፋቸው ሳይዞር ከስፌት መኪናቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ዋሉ፤ ራሳቸውን ሳቱ፤ በቃ። ልጃቸውን የጠየቀ ግን ሌላ ይሰማል። እናቷን የጣላቸው ረሃብ ሳይሆን ኮሪደር ውስጥ ሲያጓራ የዋለው ጄኔሬተር ጭስ ነው። ተሸክማ ግቢ ስታወጣቸው ነው ዓይናቸውን የገለጡት፤ ያኔም ገና ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

«መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር እኮ» ይላሉ አባት። «ዕድሜዬን ሙሉ በሹፌርነት ሞተር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ጭስ እኔን ታስተምሪኛለሽ?»

«ገዳዩ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትምም። መስኮት አይመልሰውም፣ አባዬ።»

አሁን ደግሞ ለመስመር ጥገና ሲባል መብራት ሳምንቱን ሙሉ እንደሚጠፋ ተነገረ። እናት የተማሪዎች ዩኒፎርም ለመስፋት ቃል ገብተዋል፤ ሥራው የሚቆም አይደለም።

ልጅቷ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ የአባቷ ግትርነት ከጭሱ ጋር እንዳልሆነ ገባት። የቀድሞውን ጄኔሬተር ሌባ ከግቢ ነው የወሰደው። ከዚያ ወዲህ አባት ጥላቸውንም አያምኑም፤ አዲሱን ኮሪደር ውስጥ ያስገቡትም ለዚህ ነው።

«ውጭ አውጥቼ፣ ቆልፌበት ሌባ እንዳይነካው ካደረግኩስ?» አለቻቸው።

«ያኔ እንነጋገራለን። ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ነው የሚያድረው።»

ልጅቷ በያጅ ናት። ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ከየትኛውም መስኮት በማይጎራበት የጓሮ ጥግ ላይ የብረት ፍርግርግ በየደች፤ ዙሪያው አየር ያስገባል፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ከዝናብ ይከላከላል፣ በሩ ይቆለፋል፣ እግሮቹ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብረዋል። ጄኔሬተሩን ውስጡ አስገብታ፣ ከእሱ ወፍራም ገመድ ጎትታ በቀጥታ ከስፌት መኪናው ጋር አገናኘችው። አባት «ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተሽ ቤቱን ሁሉ አታበሪውም?» ሲሏት፣ «ኤሌክትሪኩ በመስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ይገድላል» አለቻቸው።

አባት ፍርግርጉን በሁለት እጃቸው ወዘወዙት። ንቅንቅ አላለም። በእርግጫ ሲሉት ጣታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ሌቦቹ እንዳንተ ከሆኑ ሰላም አድረናል» አሉ እናት ከበሩ።

መብራቱ ጠፋ። ጄኔሬተሩ በጓሮ፣ የስፌት መኪናው በሳሎን ሳምንቱን ሙሉ አብረው ዘመሩ። በመጨረሻው ቀን እናት የመጨረሻዋን ኮሌታ ሰፍተው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ተነሡ። አልተንገዳገዱም። ዩኒፎርሞቹን በክንዳቸው ተሸክመው እየሳቁ አባትና ልጅ ወዳሉበት ጓሮ መጡ።

«አየሽ፣ ሲበሉ እንዲህ ነው» አሉ አባት።

«ምን በላሁና? ሥራው ይዞኝ ቁርሴንም ምሳዬንም ረስቼ ነው የዋልኩት።»

አባት ሚስታቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው፤ ፍርግርጉንም አዩት። ከዚያ የፍርግርጉን በር ከፍተው፣ የቤንዚኑን ጀሪካን አንሥተው ወደ ጄኔሬተሩ ተጠጉ።

«አባዬ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይቀዳም» አለች ልጅቷ ጄኔሬተሩን አጥፍታ። «ይቀዝቅዝ መጀመሪያ።»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት።

«ያዢው» አሉ፣ ጎረቤትም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጄኔሬተሩ ከዚህ ጓሮ አይነሣም፤ አለቃውም አንቺ ነሽ። እኔ ቤንዚን አመላላሽ ነኝ። ሲቀዘቅዝ ጥሪኝ።»