የተቀባው በረንዳ

በረዶ በሚበዛባት በሃንኮክ ከተማ ዕቃ ከሚያደርሱት ሾፌሮች መካከል ከመኪናው ዘሎ የማይወርድ ዴል ማኪ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሳጥኑን ታቅፈው ዱብ ይላሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ጉልበታቸውን እያሹ ሐኪም ቤት ይሰለፋሉ። ዴል ግን መያዣውን ጨብጦ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ እንደ ሙሽራ ነው የሚወርደው። አጥር ያለበት ግቢ ከመግባቱ በፊት በሩን ነቅነቅ አድርጎ ውሻ መኖር አለመኖሩን ያጣራል። ከባድ ነገር ሲያነሳ ጉልበቱን እንጂ ወገቡን አያጥፍም። ባልደረቦቹ «ሙሽራው» እያሉ ያላግጡበታል። ያላግጡ፤ ጸጉሩ እስኪሸብት ሲነዳ አንድም ቀን ተጎድቶ ከሥራ አልቀረም።

ይህ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ የጥንቃቄ ሕግ ነው፤ ሕጉ የማይጠብቀው ከብቸኝነት ብቻ ነበር። ሚስቱ ትታው ወደ ደቡብ ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅም አልወለዱም። የዛሬው ሥራ ደግሞ ሰው አያገናኝም፤ ሳጥኑን ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ መሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው በር ሲያይ ውሎ የሰው ፊት ሳያይ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእማማ ኤልማ ፔልቶነን ቤት በቀር። እማማ ኤልማ በሐይቁ መንገድ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። የልብ መድኃኒታቸው ያለ ፊርማ ስለማይሰጥ በሩ የግድ መከፈት አለበት። ሾፌር የሰው ቤት እንዳይገባ ሕጉ ስለሚከለክል እሳቸው ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ቆመው ያወራሉ። ሄል የገባበት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡታል።

«ዛሬ ደግሞ አረፈድክ። ሌላ ሴት ያዝክ እንዴ፣ ልጄ?»

«እንደርስዎ ዳቦ የምትጋግር ባገኝ መች እመለስ ነበር፣ እማማ።»

«አፈ ቅቤ። ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ይኸው ነው ጨዋታቸው። ዴል ግን ሳምንቱን የሚገፋው በዚህች ወሬ ነበር።

የእማማ ኤልማን በረንዳና ደረጃውን ሰማያዊ ቀለም የቀቡት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ስለሆነ እማማ ኤልማ በየቀኑ ይጠርጉታል። ዴል ታዲያ እዚህ ቤት ሲደርስ ሕግ ያፈርሳል። ሾፌሮቹ በክረምት ጫማቸው ላይ የሚያጠልቁት፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው ጎማ አለ፤ ያለ እሱ በረዶ መርገጥ ክልክል ነው። ጥርሱ ግን ቀለም ይቧጭራል። ስለዚህ ዴል ደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ ያወልቀዋል፣ ሲመለስ ያጠልቀዋል። ማንም አውልቅ አላለውም። ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታም እግር ይሰብራል።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ የጣሪያውን በረዶ አቅልጣ በቀዳዳው አሸንዳ ደረጃው ላይ ስታንጠባጥበው አረፈደች፤ ጠብታው ወዲያው እንደ መስታወት ረጋ። ዴል መድኃኒቱን አስረክቦ፣ በሩ ከኋላው ተዘግቶ፣ ሲወርድ እግሩ ከዳው። ቁርጭምጭሚቱ ቋ ሲል ሰማው። እማማ ኤልማን ቢጣራ ይወጣሉ፣ ከወጡ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ጩኸቱን ዋጥ አድርጎ እየዳኸ መኪናው ደረሰ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ቦኒ ሐኪም ቤት መጣች።

«የት ነው የወደቅከው?»

«ከመኪናው ስወርድ።»

«አንተ? ሙሽራው?»

«ሙሽራም ይወድቃል።»

የዋሸው ወዶ አይደለም። ሾፌር የወደቀበት ቤት ደረጃው እስኪጠገን ድረስ ዕቃ አይደርሰውም፤ እማማ ኤልማ ደግሞ መኪና አይነዱም። ይህ ለሰው የሚነገረው ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ያ በር ከተዘጋበት የሚያናግረው ሰው አለመኖሩ ነበር።

«መንገዴን ማን ያዘው?» አላት።

«ትራቪስ። ሚስቱ ገና መውለዷ ነው፣ እንቅልፍ የለውም መሰለኝ፣ ቆሞ ነው የሚያንቀላፋው።»

ቦኒ ከሄደች በኋላ ዴል ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ቆየ። ያ እንደ ሌሎቹ ከመኪና ዱብ የሚለው ትራቪስ በእንቅልፍ ዓይኑ ደረጃውን ሲወጣ ታየው። ስልኩን አንስቶ እውነቱን ነገራት።

«የጫማህ ጥርስስ?»

«አውልቄው ነበር።»

«ለምን ሲባል?»

«በረንዳው ቀለም የተቀባ ነው።»

ቦኒ «የሰው ቀለም ተርፎ ያንተ አጥንት ይሰበር?» አለችው፤ ሳትቆጣ።

ሾፌሩ ደረጃቸው ላይ እግሩን መስበሩ ለእማማ ኤልማ ተነግሯቸው፣ ቤታቸው በዚያው ቀን ዕቃ እንዳይደርሰው ተዘጋ። መድኃኒቱን የወንድማቸው ልጅ ከከተማ ያመጣላቸው ጀመር። ዴልም እግሩን በጀሶ አስጠፍሮ ቤቱ ተቀመጠ። ከቦኒ በቀር የደወለለት የለም፤ እሷም የምትደውለው ለሥራ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ይህን መድኃኒት ግን የሚያደርስ ሾፌር አልተገኘም።

ጀሶው ሲፈታለት፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ በረዶው ላይ የሚበተን አንድ ከረጢት አሸዋና ለአሸንዳው መድፈኛ ገዝቶ በራሱ አሮጌ መኪና ሄደ። ደረጃው ከተጠገነ ቤቱ ይከፈታል። እያነከሰ ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔ ማን?»

ዴል ስሙን ሊል ብሎ ተወው። የእሳቸው ስም በየሳጥኑ ላይ ተጽፎለት ሲያነበው ኖሯል፤ የእሱ ግን የትም አልተጻፈም። እሳቸውም ከ«ልጄ» ሌላ ብለውት አያውቁም።

«ዕቃ የማመጣልዎ።»

በበሩ የታፈነው ድምፁ አልተለየላቸውም፤ መጋረጃው ትንሽ ተገለጠ። የሾፌሮቹ ቢጫ ጃኬት የለም፣ ትልቁም መኪና የለም።

«እሱማ እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል። ዕቃ አመጣን እያሉ አሮጊት የሚዘርፉ አሉ፣ ሬዲዮ ነግሮናል። ሂድ፣ የወንድሜ ልጅ አሁን ይመጣል።» መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሲወረውሩት ተሰማ።

እሱ መሆኑን እንዲያምኑት ስለ ዳቦው ሊነግራቸው ፈለገ። ነገር ግን የፈራችን ሴት በር ላይ ቆሞ መከራከር ምን እንደሚመስል አሰበና ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«የምትሄድ ከሆነ» አሉ ከበሩ ወዲያ፣ «እውነት ከእነሱ ጋር የምትሠራ ከሆነ አንድ ነገር ንገረኝ። እንዴት ዋለ ብዬ ልጠይቀው ቢሮው ደውዬ ነበር። ማንን ነው ቢሉኝ ስሙን አላውቀውም። ያን ሁሉ ዳቦ በልቶ፣ ስሙን ሳልጠይቀው። ማን ነው የሚባለው?»

«ዴል» አለ። «ዴል ማኪ ይባላል።»

«ዴል ማኪ» አሉ እማማ ኤልማ። እንዳይጠፋባቸው ደጋግመው ሲሉት፣ እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በሩን ግን አልከፈቱለትም።