ያላንጠባጠበው ጣሪያ

ዳዳ ባሱና ልጃቸው ዛይድ የተስማሙት በፖም ለቀማ ሰሞን ነው። እኔ ጣሪያው ላይ ሆኜ የሶላሩን ሽቦ እየጎተትኩ ስለነበር አንድ ቃል አላመለጠኝም። ዛይድ ከማራኬሽ በመኪና መጥቶ፣ ከጫማው ላይ ጭቃውን በድንጋይ እየፋቀ፦

«ባባ፣ ይሄን የበረዶ ወቅት ቤቱ ከተወጣው ሁለተኛ ና አልልህም። ካልተወጣው ግን አንተና እማ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ሙቅ ውሃ አለ፣ ሐኪም ቤቱ ከበራችን ነው» አለ።

«ካልተወጣው ራሴ ሻንጣዬን ይዤ አስፋልቱ ላይ እጠብቅሃለሁ» አሉ ዳዳ ባሱ።

«ሻንጣ የለህም እኮ።»

«በማዳበሪያ ከረጢት እመጣለኋ። ጎረቤቶችህ ድንች ሻጭ ይመስላቸዋል።»

ሳቁ፣ ተጨባበጡ። ከዚያ ዳዳ ባሱ ወደ ላይ ቀና ብለው «ሚሙን፣ ሰምተሃል፤ ምስክር ነህ» አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። እኔ በበኩሌ ነገሩ ያለቀ ነበር የመሰለኝ። ያ ቤት ይወድቃል ብሎ ማን ያስባል?

ዳዳ ባሱ ግንበኛ ናቸው፣ የአፈር ግንበኛ። ሁለት ሳንቃ ያቆሙና መሃሉን እርጥብ አፈር እየሞሉ፣ በእንጨት እየደበደቡ፣ ክንድ ሙሉ የሚወፍር ግድግዳ ያወጣሉ። እኛ መንደር፣ ታዝራ ውስጥ፣ ግማሹ ቤት የእሳቸው እጅ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ፣ ምክንያቱም ሰዉ አፈሩን እያፈረሰ ብሎኬት ሠርቷል። ብሎኬቱ በሐምሌ ያቃጥላል፣ በጥር ፍሪጅ ነው፣ ግን ጣሪያውን ማንም ወጥቶ አይጠብቅለትም። ሰው የወደደለት እሱን ብቻ ነው።

ያን ዓመት ታዲያ አንድ ማኅበር ከከተማ መጣ። አረንጓዴ ቤት ይላሉ፣ ማገዶ የማይፈጅ፣ ውሃ የማያባክን፣ ከአካባቢው አፈርና እንጨት የሚሠራ። የዳዳ ባሱን ቤት አዩና ይሄ ለሌላው ማሳያ ይሁን አሉ። ሶላር አስገቡ፣ ኮርኒሱ ላይ የበግ ፀጉር ጎዘጎዙ፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ወደ ፖሞቹ እንዲፈስ ቱቦ ቀበሩ። ሦስት ቤተሰቦች ደግሞ፣ ቤታቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው፣ ለእኛም እንደዚህ ይሠራልን ብለው ተመዘገቡ። ዳዳ ባሱ ሊያስተምሩ፣ እኔ ላግዝ። እኔን ሁለት ወር አሰልጥነው ሰርተፍኬት ሰጥተውኛል። እናቴ ሰርተፍኬቱን ሳሎን ሰቀለችው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ስለ ጣሪያው ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። የእኛ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። ወጋግራ፣ በላዩ ሸምበቆ፣ በላዩ የተጠቀጠቀ አፈር። በረዶ ሲከመርበትና ሲቀልጥ አፈሩ ይጠጣል፣ ሲጠግብ ወደ ቤት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ የቤቱ እመቤት የመዳብ ሳፋ ትደቅናለች። ውሃው ከበዛ ሳፋውን በሯ ላይ ትደፋዋለች። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ያንን ያየ ጎረቤት አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ በረዶው ይጠረጋል፣ አፈሩ እንደገና ይጠቀጠቃል። ኑ አግዙኝ ብሎ በአፍ መጥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሳፋ ሳይደፋ ደግሞ የሰው ጣሪያ ላይ መውጣት የባሰ ነውር ነው፣ ከላይ ሆነህ የሰው ጓዳ ታያለህና።

ላላ ኢጦ፣ የዳዳ ባሱ ሚስት፣ ይሄ ሳፋ መሯቸዋል። ጥቅምት ላይ ዳዳ ባሱ ለሁለት ቀን በግ ገበያ ሲወርዱ ጠሩኝ። ምንጣፍ የሚሸምኑበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

«ሚሙን፣ ሰዉ ባሱ ቤት ሠራላት ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ቤት አልሠራልኝም። ወንፊት ነው የሠራልኝ።»

«ላላ ኢጦ፣ ዳዳ ባሱ እንዳይሰሙ።»

«ቢሰማ ምን ያደርጋል? አርባ አንድ ዓመት ነው እየተነሳሁ ሳፋ የምደቅነው። ዘንድሮ ይሄ ጉልበት አይነሳም። ይሄ ምንጣፍ ደግሞ በጠብታው ተበላሽቶብኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ለመሆኑ ያ ኮርስህ ላይ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ምን ይደረግ አሉህ? ወይስ ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ነው ያጠጧችሁ?» አሉኝ።

«ላስቲክ ይነጠፋል አሉን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ኮርሱ ላይ ላስቲክ የሚነጠፈው ለሲሚንቶ ጣሪያ ነበር። እሱን አልተናገርኩም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ ትዝም አላለኝ። ሰማያዊ ወፍራም ላስቲክ ገዛሁ። የምንጣፍ ክፍሉን ጣሪያ አፈሩን ገለጥኩ፣ ላስቲኩን ዘረጋሁ፣ አፈሩን መልሼ ጠቀጠቅኩት። ላላ ኢጦ በዚያ ጉልበታቸው መሰላሉ ሥር ቆመው ቅርጫት ያቀብሉኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቅ ሶላሩን እያስተካከልን ነው አልን።

ዳዳ ባሱ ሲመለሱ ወደዚያ ክፍል ገብተው በምርኩዛቸው ከታች ኮርኒሱን መታ መታ አደረጉ። ዳሌያቸውን ከተመቱ ወዲህ መሰላል አይወጡም፣ ጣሪያቸውን የሚያውቁት በጆሮ ነው።

«ድምፁ ተለወጠ» አሉ።

«ማኅበሩ የላከው የበግ ፀጉር ነው፣ ጨመርንበት» አሉ ላላ ኢጦ ፈጠን ብለው።

ዳዳ ባሱ ወደኔ ዞሩ። እኔም «አዎ፣ ፀጉር ነው» አልኩ። እንዲህ በቀላሉ።

ጥር ላይ በረዶው መጣ። ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አጥሩ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ከየቤቱ ሳፋ መደፋት ጀመረ። እኔ ራሴ ሦስት ጣሪያ ጠረግሁ። የዳዳ ባሱ በር ላይ ግን ምንም የለም። እሳቸው መስጊድ ሲመጡ ፊታቸው በርቷል።

«ጠብታ የለም» አሉ። «ሦስት ቀን፣ አንድም ጠብታ።»

«ዳዳ ባሱ፣ ጆሮዎት ተደፍኖ እንዳይሆን» አላቸው አንዱ።

«ጆሮዬ ከተደፈነ ሚስቴ ትነግርህ ነበር። የምትናገረውን ሁሉ እየሰማሁባት ተቸግራለች።»

ሰዉ ሳቀ። ከተመዘገቡት ሦስት ቤተሰቦች የአንዱ አባወራ እቤታቸው ድረስ ሄዶ ደረቁን ወለል በእጁ ዳሰሰ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ላስቲኩ ሠራ ብዬ።

በአራተኛው ቀን ሞቅ አለና በበረዶው ላይ ዝናብ ወረደ። እናቴ በመስኮት እያየች «የነባሱ ጣሪያ ላይ ያለው በረዶ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምነው ሳፋ አላወጡም?» አለች።

«አያንጠባጥብማ።»

«አያንጠባጥብ ይሆናል። ውሃው ታዲያ የት ገባ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱን አስቤው አላውቅም። አካፋዬን ይዤ ሮጥኩ። ዳዳ ባሱ በሩን ከፈቱልኝ፣ ከኋላቸው ላላ ኢጦ ሊጥ የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ቆመዋል።

«ዳዳ ባሱ፣ ልውጣና በረዶውን ልጥረግልዎት።»

«ሳፋ ደፍቻለሁ?»

«አልደፉም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ማኅበሩ ይሄንንም አስተማረህ? አሁን አንተ አካፋ ይዘህ ብትወጣ ሰዉ ምን ይላል? የባሱ ጣሪያ አፈሰሰ ነው የሚለው። ነገ ዛይድ ጋ ይደርሳል።»

«ትንሽ ከብዶት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ቢከብደው ያለቅስ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሲያለቅስ ነው የኖረው፣ ዛሬ ይደብቀኛል? ግባና ዳቦ ብላ።»

ላላ ኢጦ በዳዳ ባሱ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ። እንዳትናገር የሚል አስተያየት ነው፣ ወይም እኔ እንደዚያ ወሰድኩት። ላስቲክ የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ብናገር ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ሰርተፍኬቴም መሳቂያ ይሆናል፣ ነገ ፀሐይ ወጥቶ ያደርቀዋል፣ እንዲህ እያልኩ ዳቦውን በወይራ ዘይት በላሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነው የወደቀው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ ከጭነት መኪና ላይ ከረጢት እንደሚወረወር ነው። ስንደርስ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ቆመዋል፣ ደህና ናቸው፣ ምግብ ማብሰያው ክፍል ነበሩ። የምንጣፉ ክፍል ግን የለም። ወጋግራዎቹ መሃላቸው ተሰብሮ፣ ሸምበቆው፣ ጭቃው፣ በረዶው፣ ሁሉም መሸመኛው ላይ ተከምሯል። ጭቃው ሾርባ ሆኗል። ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ላስቲኩ ላይ ሲጠራቀም ሰንብቷል።

መንገዱ ከሰዓት ተከፈተና ዛይድ ማምሻው ላይ ይደርሳል ተባለ። እኛ መቆፈር ጀመርን። ዳዳ ባሱ ተው ብንላቸው እምቢ ብለው በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው በእጃቸው ይዝቃሉ። ጎረቤቶቹ የተሰበረውን ወጋግራ ተሸክመው ወደ ደጅ ሲወጡ እኔና ሁለቱ ብቻ ቀረን። ያኔ ሰማያዊው ጫፍ ብቅ አለ።

ያዙት። ሳብ አደረጉት። ውሃ የቋጠረ ነበርና እጃቸው ላይ ተንጠለጠለ። ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፣ ዕድሜ ልካቸውን ጣሪያ የሠሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ ላላ ኢጦን። ላላ ኢጦ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ዳዳ ባሱ ከመታጠቂያቸው ማጭዳቸውን አወጡ፣ ላስቲኩን ቀድደው ቀድደው ጠቀለሉና «ከበጎቹ ገለባ ሥር ክተተው፣ አሁኑኑ» አሉኝ።

ዛይድ ሲደርስ አባቱን አቀፈ፣ እናቱን አቀፈ፣ ከዚያ ፍርስራሹ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ልጁ ክፉ አይደለም። «ብያችሁ አልነበር?» እንኳ አላለም።

«ምን ሆነ ባባ?»

«እጄ ነው» አሉ ዳዳ ባሱ። «ዘንድሮ አፈሩን ሳስመልስ በደንብ አላስደበደብኩትም። አርጅቻለሁ።»

«ዛይድ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተ ሂድና ለበጎቹ ውሃ ስጥ» አሉኝ ሳያዩኝ።

በረት ድረስ ተከትለውኝ መጡ። እኔ እንባዬ መጥቷል፣ ላሳያቸው ስላልፈለግኩ ባልዲው ላይ አቀርቅሬያለሁ።

«ለምን አይነግሩትም? ሚሙን ነው ያበላሸው ይበሉት። ቤቱ አልወደቀም፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። ያኔ ስምምነቱ ይቀራል።»

«አንተ ነህ ካልኩት ማን አዘዘው ይላል።»

«ሌላ ምክንያት እፈልጋለኋ።»

«አንተ? ፊትህ ላይ ሁሉም ይነበባል። እኔ ጥቅምት ላይ ያላነበብኩት ማንበብ ስላልፈለግኩ ነው።» ምርኩዛቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «ስማኝ። እዚያ ዛይድ ፎቅ ላይ ሦስታችን አንድ ሳሎን ውስጥ ልንቀመጥ ነው። አባቴን ከቤቱ ያስወጣችው እናቴ ናት ብሎ ልጄ አንድ ቀን እንኳ እንዲያያት አልፈልግም።»

«እርስዎስ አልተቆጧቸውም?»

«ተቆጥቻለሁ። ግን አርባ አንድ ዓመት ስትነሳ እኔ ተኝቼ ነበር። ከዚህ በኋላ ብነሳ ምን ላደርግላት ነው?»

በሦስተኛው ቀን ሄዱ። በጎቹን ለእኛ ተዉልን። ላላ ኢጦ እናቴን ተሰናብተው እኔ ጋ ሲደርሱ ግንባሬን ሳሙኝና የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገው ተዉት። ዳዳ ባሱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀበቶውን ማሰር አቃታቸው፣ ዛይድ ጎንበስ ብሎ አሰረላቸው። መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ኋላ አላዩም።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ፎርም ላከልኝ። የቤቱ ሁኔታ፣ የጉዳቱ መጠን፣ የጉዳቱ ምክንያት። ምክንያት የሚለው ቦታ ሁለት መስመር ነው። ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። እውነቱን ብጽፍ ከተማ ለከተማ ዞሮ ዛይድ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ «የግንበኛው የአሠራር ጉድለት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ስላደረግኩት ትብብር አመስግነው መለሱልኝ።

የተመዘገቡት ሦስት ቤተሰቦች ስማቸውን ሰርዘዋል። አሁን ብሎኬት እያስደረደሩ ነው። የሁለቱን ሶላር የምገጥምላቸው እኔ ነኝ።