በስፌት ቤቱ የተፈረደባት እናት

«ፍሽሽሽ!» አለ ካውያው፤ ቀጥሎም ከእንፋሎቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ይህችን እናት ለእኔ ስጡኝ! በዚህ ካውያ ነበር የምተኩሳት!»

እንፋሎቱ ሲሳሳ ካውያዋን ያነሣችው ተኳሿ ታየች፤ ላቡ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። የተቆጣችው በጎረቤት አይደለም፤ መጽሐፍ ውስጥ ባለች ሴት ነው።

በዚህ ስፌት ቤት ሥራ ሲበዛ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ የአንባቢውን ድርሻ ሌሎቹ ይሰፉለታል። ከሰኞ ጀምሮ አንባቢዋ የቁልፍ ሰፊዋ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ልብ ወለዱ ፀጉር ያቆማል፦ ደረጃው ብቻውን የሚያቃስት ትልቅ ቤት፣ ከጣሪያው ሥር የተቆለፈ ክፍል፣ «አባታችሁ ሞቷል» እያለች ልጆቿን ያሳደገች እናት። ዛሬ የክፍሉ በር ተከፈተ፤ አባትየው በሕይወት ተገኘ።

«ታዲያ ምን ታድርግ?» አሉ ቆራጩ፤ ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ጋሽ ሜትር ነው የሚሏቸው። «ሰውየው አእምሮውን የሳተ ነው። ልጆቿን ከሰው አፍ ጠበቀች። እኔን የከፋኝ ጣሪያ ሥር ማስቀመጧ ነው። ምድር ቤት ይሻለው ነበር፤ ለሽንት ቤት ይቀርባል!»

«እርስዎ ደግሞ የማይለኩት ነገር የለም!» አለች አንዷ ሰፊ።

«ሳይለኩ መቁረጥማ ያንቺን እጅጌ አየነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቁልፍ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። እሷም ለልጇ አባት በአፏ መቃብር ቆፍራለታለች። ሲታሰር ልጅቷ ገና ዳዴ ትል ነበር። «የእስረኛ ልጅ» እንዳይሏት ብላ «ሞተ» አለች፤ ውሸቱም ከልጅቷ ጋር አብሮ አደገ። ሰውየው ከተፈታ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ፣ በወንድሙ ሱቅ ሬዲዮ ይጠግናል። ትናንት ሰው ላከባት፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ልያት። ካልፈለግሽ አልመጣም።»

«አንቺስ?» አለች ተኳሿ ወደ አንባቢዋ ዞራ። «ስታነቢ ከርመሽ ፍርድሽን አልሰማንም።»

ቁልፍ ሰፊዋ ቀና ሳትል ጭኗ ላይ ባለው ካፖርት መርፌዋን አስሮጠች።

ልጅቷ ጣቷን ገጹ መሃል አድርጋ መጽሐፉን ከደነችው። «እኔ ብሆን መጀመሪያ ጣራው እስኪነሣ እጮህባት ነበር። አንድ ሳምንት አላናግራትም። አይ፣ ሳምንት አልችልም፤ ሦስት ቀን። እኔን ያናደደኝ ግን መደበቋ አይደለም። በሩን የከፈተችው የቤት ሠራተኛዋ መሆኗ ነው! እናትየዋ ራሷ እጄን ይዛ ብትወስደኝ ኖሮ…»

«ይቅር ትያት ነበር?»

«እንጃ። ግን አብሬያት እሄድ ነበር።»

ቁልፍ ሰፊዋ ብድግ አለች። ካፖርቱም አብሯት ብድግ አለ። ልብ ሳትል ገበሩን ከራሷ ቀሚስ ጋር ሰፍታው ኖሯል።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ሜትር። «ደንበኛው ካፖርቱን ከነሰፊዋ ይረከባ!»

ልጅቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቁልፍ ሰፊዋም ፈገግ አለች። መቀስ አንሥታ ክሩን ቀጭ ቀጭ አደረገችው፤ ካፖርቱን አጥፋ ወንበሯ ላይ አኖረች፤ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ የልጇን እጅ ያዘች።

«ተነሺ፣ የኔ ልጅ።»

«እማ፣ ወዴት ነው?»

«የመጨረሻው ምዕራፍስ?» አሉ ጋሽ ሜትር መጽሐፉን እያነሡ።

እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ፌርማታው ወጥተዋል።