ሰኞ እመለሳለሁ

የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰው የሚያስታውሰኝ ሲበላሽ ብቻ ነው። ባለፈው ወር፣ ሠራተኛ እረፍት ሲወጣ በራሱ መልስ የሚልክ ፕሮግራም ግጠም ተባልኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት በታላቅ እህቴ የኢሜይል ሳጥን ላይ ነው። እታለም መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ለቀላል ኦፕሬሽን የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳለች።

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አልኳት።

«ሰኞ እመለሳለሁ በል። ደግሞ ምሳህን ብላ በልበት።»

«ለሁሉም እኮ ነው የሚሄደው፣ ለዳይሬክተሩም!»

«እሱስ ሆድ የለውም? ይብላ!»

ሳቅን፤ እንዳለችው ጻፍኩ። «ነገ ኦፕሬሽን ሳልገባ ድረስልኝ» አለችኝ። «እደርሳለሁ» አልኩ። በማግስቱ ግን ለቀሩት አርባ ሳጥኖች ዛሬውኑ ይገጠም ተባለ። ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሆስፒታል ስደርስ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታለች። በሕይወት አልወጣችም።

በቀብሯ ቀን ጠዋት፣ ከቤት ሳልወጣ ለራሴም መልስ ከፈትኩ፦ «ኀዘን ላይ ነኝ፤ ስመለስ እጽፋለሁ።» ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለእታለም ባዶ ደብዳቤ ላኩ። ቀልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። «ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ መልስ» የሚለውን ትእዛዝ ለሙከራ ብዬ አጥፍቼው ነበር፤ መልሼ ማብራቱን ረሳሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቢሮ ስገባ ሰርቨሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የማንም ኢሜይል አይሄድም። ብከፍተው ሰባ ሺህ ደብዳቤ፣ ሁሉም የእኔና የእሷ፤ አንዱ መልስ ሌላውን እየጠራ።

ሰኞ እመለሳለሁ። ምሳህን ብላ።

ኀዘን ላይ ነኝ፤ ስመለስ እጽፋለሁ።

ሰኞ እመለሳለሁ። ምሳህን ብላ።

እኔ እቤት አንገቴን ደፍቼ ቃል ሲያጥረኝ፣ እኛ እዚህ ቀን ከሌት ስናወራ ከርመናል። የተላኩበትን ሰዓት አየሁ። አፈር ስናለብሳት እንኳ፣ በየሠላሳ ሴኮንዱ፣ ሰኞ እመለሳለሁ ትለኝ ነበር።

«ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው» አለ ኃላፊዬ በሩ ላይ ቆሞ። ክፉ ሰው አይደለም። «የእህትህም ሳጥን ዛሬ ይዘጋ። አይዞህ።»

እንደ ልማዴ ብልሽቱን አስቀደምኩ። ያጠፋሁትን ትእዛዝ አበራሁ፣ የራሴን መልስ ዘጋሁ፣ የተጠራቀመውን ሰረዝኩ። የቀረው የእሷ ሳጥን ነው። ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትመልስልኝ ፈለግሁ። ማሽን መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ፈለግሁ።

«እታለም፣ እደርሳለሁ ብዬሽ ቀረሁ። ይቅር በይኝ» ብዬ ላኩ።

ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አምስት። ዝም።

ለካ ለእኔ የዚህን ሳምንት መልስ ጨርሳለች። ከዚያ ወዲያ እንዳትመልስልኝ ያዘዝኳት ራሴ ነኝ፤ ገና አሁን። ትእዛዙን አጥፍቼ ደግሜ መላክ እችል ነበር። ግን ይቅርታ በግድ ምን ይሆናል?

«ሠራ! ኢሜይሉ ሠራ!» ተባለ በኮሪደሩ። «እጅህ ይባረክ!»

ሳጥኗን ዘጋሁት።