ድምፄ የጠፋ ሰሞን

ልጄ ሉብና በገዛ ቤቴ «እማ፣ እባክሽ ዝም በይ» ትለኛለች። ደሴ ተምራ ከመጣች ወዲህ፣ ድረ ገጽ መሥራት ለሚፈልጉ ልጆች በኢንተርኔት መማሪያ ከፍታለች። ጓዳ ቁጭ ብላ ትምህርቱን በላፕቶፕ ትቀርጻለች፤ ልጆቹ በስልክ ያዩታል። እኔ ደግሞ እዚያው ደጃፌ ላይ ዓሣ እየፋቅሁ እሸጣለሁ። ዓሣ ካለ ድመት ይመጣል፣ ድመት ከመጣ እኔ ዝም አልልም።

«ሂጂ አንቺ ሌባ» ስል ከትምህርቷ ጋር አብሬ እቀረጻለሁ። መጨረሻ ላይ «በሉ በርቱ» ስትላቸው ደግሞ ከደጅ ሆኜ ዱዓዬን አስከትላለሁ፤ «አላህ ይወፍቃችሁ፣ ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።» ምን ላድርግ፣ ልጅ ተማረ ሲባል አፌ አያርፍም።

«የአዲስ አበባዎቹ ትምህርት ላይ እኮ ድመት የምታባርር እናት የለችም» አለችኝ አንድ ቀን።

«እናት የላቸውማ፣ ምስኪኖች» አልኳት። አልሳቀችም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለሥራ ነይ ብሏታል። እሷም ተማሪ ካገኘሁ እቀራለሁ፣ ካላገኘሁ ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ ብላ ቆርጣለች። ትምህርቱን የሚከፍቱት ጥቂት ናቸው፤ የሚጽፍላትና የሚጠይቃት ግን አንድም የለም። እኔ ሂጂም ቅሪም አላልኳትም። አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ መሄዷን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ተማሪ ያባረርኩባት እኔው ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልትቀርጽ ስትል ዓሣዬን በሳፋ ይዤ ከቤታችን በታች ካለው ሐይቅ ዳር እወርዳለሁ። ድመቷም ትከተለኛለች፤ እዚያ እንደልቤ እሰድባታለሁ። ዱዓውን በሆዴ አደርገዋለሁ። ትምህርቱ ጥርት አለ፣ ተማሪ ግን አልጻፈም። አንድ ቀን ስገባ ሉብና ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታለች። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁ።

እሁድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ባጃጅ ቆመ፣ ከኋላው ሌላ ተከተለ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ልጅ ወረደች፤ ሂጃብ የለበሰች ሙዝ ይዛ ተከተለቻት፤ ቀጥለው ስኳር የያዙ ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው መጡ። የለቅሶ ደራሽ አካሄድ እኔን አይጠፋኝም። ማን ሞተብኝ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«የአስተማሪ ሉብና ቤት ይሄ ነው?» አለች ባለነጠላዋ።

«ነው፤ ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

ድምፄን ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አሉ፣ እማማ በሕይወት አሉ» እያለች ታለቅሳለች። ሰብለወንጌል ትባላለች፣ የመጡትም ከውጫሌ ነው።

«ድምፅዎ ከትምህርቱ ሲጠፋ መጀመሪያ ታመሙ አልን» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ሳይመለስ ሲቀር የከፋውን ፈራን። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ አይጠየቅ።»

«አንድ ስልክ ከበን ነው የምንማረው» አለች ሙዝ የያዘችው ሂዳያ። «አንቱ ዱዓ ሲያደርጉ ሁላችንም አሚን እንላለን፣ ሰብለም ጭምር።»

«ታዲያ ለልጄ አንድ ቃል እንኳ መጻፍ አቅቷችሁ ነው?»

«አስተማሪን ምን ብለን እንጻፍላት? አፈርን» አለች ሂዳያ።

ሉብና የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ በአንድ አቀፈቻቸው፤ ስማቸውን እየጠየቀች፣ የትኛው ትምህርት እንደከበዳቸው እየጠየቀች፣ እያለቀሰች። ሙዙን እኔ ተቀበልኩ። «የራሴን ለቅሶ ሙዝ ልብላ እንግዲህ» ብል ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ግቢው ውስጥ ሰሌን አነጠፍኩላቸው። ሉብና ሻንጣዋን አምጥታ አጋደመችው፣ ላፕቶፑን ላዩ ላይ አስቀምጣ አስተማረቻቸው። ስትጨርስ «በሉ በርቱ» አለች። እኔ እንደለመድኩት ዝም አልኩ።

«እማ» አለችኝ ዞር ብላ፣ «ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

እጄን ታጥቤ ዘረጋሁ። አላህ ይወፍቃችሁ ካልኩ በኋላ እንባ ቀደመኝና የቀረውን መጨረስ አቃተኝ። እነሱ አሚን፣ አሚን ይሉልኛል።

ሉብና ልትሸኛቸው ስትወጣ ሰብለወንጌል ፈራ ተባ እያለች «ከዒድ በኋላስ እንመለስ?» አለቻት።

«ኑ» አለች ልጄ። «እዚሁ ነኝ፣ ከእማ ጋ።»

ይህን ጊዜ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።