መርፌ ጾም አያስገድፍም

የወይዘሮ አመተሥላሴን እጅ ማን እንደመለሰላቸው ቢጠየቁ፣ ሳያመነቱ “ክኒኑ ነዋ!” ይሉ ነበር። ዓመት ሙሉ ጣታቸው አብጦ፣ አንጓቸው ተቆልምሞ፣ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ አቅቷቸው ከርመዋል። በመንዝ፣ በሞላሌ ዙሪያ የበግ ፀጉር በመፍተል ስማቸው የሚነሳ ሴት እንዝርታቸውን ሰቅለው የሰው እጅ ሲያዩ መዋል! ኋላ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘላቸው፤ በሁለት ሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ፤ በወሩ እንዝርቱ ከተሰቀለበት ወረደ። እሰይ ነው። ችግሩ ወይዘሮዋ ስኳር አለባቸው፤ ክኒኑ ደግሞ ስኳርን ሽቅብ ይሰዳል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳሌም ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው።

“ክኒኑን ጠዋት ከቁርስ ጋር ይውጡ። ከሰዓት በኋላ ስኳርዎ ስለሚወጣ የጠዋቱን የኢንሱሊን መርፌ ከአሥራ ስምንት ወደ ሃያ ስምንት ዩኒት ከፍ አድርገነዋል። ተወግተው ደግሞ ሳይበሉ እንዳይቀሩ። ክኒኑንም በራስዎ ጊዜ እንዳይተዉ። ላብ ካጠመቅዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ስኳር ይቃሙ።”

ወይዘሮዋ አንድም ሳይረሱ ያዙት። ለክፉ ቀን የሚሆን ስኳር በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። የነፍስ አባታቸውም “ልጄ፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ጾሙ ይቅርብሽ” ብለዋቸው ስለነበር፣ በጾሙም በፍስኩም ቁርሳቸውን በልተው፣ ክኒናቸውን ውጠው፣ መርፌያቸውን ወግተው ይውላሉ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የጽናት ልጅ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሆነ።

ጽናት ጎረቤታቸው ናት። ሰባት ዓመት ልጅ አጥታ ቆይታ ስታረግዝ ከአልጋ እንዳትነሳ ተብላ ነበርና፣ በዚያ በታመመ እጃቸው ገንፎ እያጎረሱ ያስታመሟት ወይዘሮ አመተሥላሴ ናቸው። ያኔ ነው “ሴት ከሆነች ክርስትና የሚያነሷት እርስዎ ነዎት” ያለቻቸው። ወይዘሮዋ አልወለዱም። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እናት የሚያሰኝ በር ይኸው አንዱ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ክኒኑ እጃቸውን በመለሰላቸው ጊዜም መጀመሪያ የፈተሉት ለልጅቷ መጠቅለያ የሚሆን ባና ነው።

ይህ ያልተዋጠላት ጌታነሽ ነበረች። ከታች ቤት የምትኖር፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ልጅቷን ለማንሳት ቋምጣ ነበርና “ኩባያ የማያነሳ እጅ ልጅ ሊያነሳ ነው አሉ!” እያለች መንደሩን አዳረሰችው። ወሬው ወይዘሮዋ ጆሮ ገባ። አንገበገባቸው።

ሰማንያው ቀን ረቡዕ ዋለ፣ በጾመ ነቢያት። ክርስትና የምታነሳ ሴት ደግሞ ምንም ሳትቀምስ ትቆማለች። ለነፍስ አባታቸው ሊነግሩ አሰቡና ተዉት፤ ቢነግሯቸውማ “በይ ሌላ ሰው ታንሳት” ሊሏቸው ነው። ለሳሌምም አልነገሩም። ሊነጋጋ ሲል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ብቻቸውን መከሩበት። ክኒኑ በአፍ ይገባል፣ ይዋጣል፤ ያለ ምግብ ደግሞ አይሆንም ተብሏል። እሱ ይቅር። መርፌው ግን በጭን ነው የሚገባ፤ መርፌ ጾም አያስገድፍም። እንደ ወትሮው ሃያ ስምንቱን ቀድተው ወጉ። እንዲያውም ደስ አላቸው፤ አንዱን ለእግዜር፣ አንዱን ለሳሌም ያደረጉ መሰላቸው።

አይ ወይዘሮ! ሃያ ስምንቱ የተሰላው እኮ ለክኒኑና ለቁርሱ ነው። ሁለቱም በሌሉበት መርፌው ያለችውን ስኳር አሟጦ ሊያወርድ አይደል?

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ተረኛው ቄስ “ፀሐይ ትንሽ ትውጣ፣ ሕፃኗ በብርድ ታልቃለች” ብለው አቆዩአቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮዋ ልጅቷን በባናው ጠቅልለው እንደታቀፉ መጀመሪያ ማዛጋት መጣ፤ ቀጥሎ ከንፈራቸውን ደነዘዛቸው። ከዚያ ላቡ ጀመረ።

“ምነው እትዬ፣ ላብ በላብ ሆኑ?” አለች ከኋላቸው የቆመችው ጌታነሽ።

“ሞቆኝ ነው።”

በታኅሣሥ፣ በመንዝ፣ በጠዋት! ጌታነሽ ጠጋ አለች።

ወደ ምዕራብ ዞረው ስለ ልጅቷ “እክህደከ ሰይጣን” የሚሉበት ሰዓት ደረሰ። ይህን ቃል ወር ሙሉ ሲያጠኑት ነበር፤ አሁን ግን ምላሳቸው ተሳሰረ። ቄሱ ደገሙላቸው፤ በሦስተኛው ወጣላቸው። ወደ ምሥራቅ ዞረው አምናለሁ አሉ። ልጅቷ ልብሷ ወልቆ ለቄሱ ተሰጠች፤ ባናው በወይዘሮዋ ትከሻ ላይ ቀረ።

አሁን እጃቸው ባዶ ነው። ተመለከቱት። ይንቀጠቀጣል። የነጠላቸው ቋጠሮ እጃቸው ሥር ነው፤ ፈትተው ቢቅሙ ጾሙ ተገደፈ፣ ልጅቷን ማንሳት ቀረ። ባይቅሙስ? ቄሱ ሁለት ሆነው ታዩአቸው። የቆሙበት ወለል ጥርብ ድንጋይ ነው። ‘ትንሽ ነው፣ ልቻለው’ አሉ በልባቸው። ልጅቷ አንዴ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ወጣች። ‘እመቤቴ፣ ትንሽ ብቻ።’ ሁለተኛ ገባች። ከውሃ የተቀበለች እናት ትባላለች፤ የእሳቸው ድርሻ መቀበል ብቻ ነው። ሦስተኛ ወጣች፣ እየጮኸች፣ ውሃ እያንጠባጠበች።

“ተቀበይ” አሉ ቄሱ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ክንዳቸውን ዘረጉ። ጣታቸው እንደሌላ ሰው ጣት አልታዘዝ አላቸው።

“ጌታነሽ!” አሉ። “ነይ ተቀበያት!”

“እኔ?”

“ቶሎ በይ፣ ልጥላት ነው!”

ጌታነሽ ዘላ ገባች። ባናውን ከትከሻቸው ነጥቃ ልጅቷን ተቀበለች። ማተቡ ለልጅቷ የታሰረላት በእሷ ክንድ ላይ ሆና ነው። ወይዘሮዋ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ስኳሩን ቃሙ። በላብና በእንባ የራሰ ፊታቸውን ያበሰላቸው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ልጅቷን ይዞ ወደ ቅዳሴ ገብቶ ነበር።

በድግሱ ላይ “የክርስትና እናት” ተብላ ከጽናት ጎን የተቀመጠች ጌታነሽ ናት። ስለ ኩባያ ነገር ከዚያ ወዲያ ከአፏ አልወጣም።

አርብ ዕለት ወይዘሮዋ ጤና ጣቢያ ሄደው የሆነውን አንድ ሳይደብቁ ተናገሩ።

“ክኒኑን ትተው መርፌውን ወጉ?” አለች ሳሌም።

“መርፌ ጾም አያስገድፍማ።”

ሳሌም አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወረቀታቸውን ስባ ከታች በትልልቁ ጻፈች፤ እየጻፈች አነበበችላቸው። “ምግብ ከሌለ ሃያ ስምንት የለም። ክኒን የሚታለፍበት ቀን የለም። ጾም ከመጣ መጀመሪያ ለእኔ ይነገራል።” ከዚያ ቀና አለች።

“ለመሆኑ ልጅቷ ምንዎ ናት?”

ወይዘሮ አመተሥላሴ ወረቀቱን አጥፈው፣ ስኳር ይቋጠርበት በነበረው የነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

“ምኔም አይደለችም” አሉ። “አልጣልኳትም እንጂ።”